የታመመ ውሃ እንዴት ይመረመራል?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ አባባል የሚጠቅመው በፍርድና በሽምግልና ቦታ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ሲበላሽ የብልሽቱን ምክንያት ለማግኘት የሚጥር ሰው ሁሉ ሊመራበት ይገባል። በሚከተለው ምንባብ፣ በቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ የሚኖሩ የባሕር ዓሣዎች በድንገት መታመም ሲጀምሩ ምክንያቱ በምን ዓይነት ቅደም ተከተል ተመርምሮ እንደሚገኝ ታነባላችሁ።

አገራችን የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ ብዙዎቻችሁ የባሕር ዓሣ በሕይወት ሳለ አላያችሁ ይሆናል። በሌሎች አገሮች ግን የባሕር ዓሣዎችን፣ ቀንድ አውጣዎችንና ኮራሎችን በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። ልማዱ በአውሮፓ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ሲሆን፣ በ1853 እ.ኤ.አ. በለንደን የአራዊት መጠበቂያ ውስጥ ሕዝብ የሚጎበኘው የዓሣ ቤት ተከፍቶ ነበር። ዓሣዎቹ የሚኖሩበት ገንዳ አኳሪየም ይባላል።

አኳሪየም ትንሽ ባሕር ነው ቢባልም፣ ከባሕር የሚለይበት አንድ ዐቢይ ጉዳይ አለ። በሰፊው ባሕር አንድ ዓሣ ቢሞት፣ ከበሰበሰው አካል የሚወጣው መርዝ በብዙ ውሃ ውስጥ ተበትኖ ይጠፋል። 200 ሊትር ብቻ በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ግን የአንድ ዓሣ በድን የሌሎቹን ሁሉ ሕይወት ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። ስለዚህ ትናንት ጤናማ የነበረ ውሃ ዛሬ ጠዋት ገዳይ ሆኖ ቢገኝ የሚያስገርም አይደለም።

ይህን ለመረዳት በገንዳው ውስጥ የሚኖሩትን፣ ዓይን የማያያቸውን ሠራተኞች ማወቅ ያስፈልጋል። ዓሣ ከሚበላው ምግብ የተነሣ አሞኒያ የተባለ መርዝ በሰውነቱ ውስጥ ይፈጠራል፤ አብዛኛውንም በሚተነፍስበት ስንጥብ በኩል ያስወጣዋል። የተረፈ ምግብና የሞተ እንስሳ ሲበሰብስም አሞኒያ ይወጣል። ይህ መርዝ ሳይጠራቀም የሚቀረው አንዳንድ የባክቴሪያ ዓይነቶች ወደ ናይትራይት ስለሚለውጡት ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። የእነዚህን ባክቴሪያዎች ሥራ በ1890 እ.ኤ.አ. ገደማ ያስረዳው ሊቁ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነበር። ባክቴሪያዎቹ በብዛት የሚገኙት በውሃው ውስጥ ሳይሆን፣ በድንጋዩ፣ በአሸዋውና በማጣሪያው ገጽ ላይ ተለጥፈው ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ተራብተው ሥራቸውን በሚገባ እስኪጀምሩ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። እነርሱም እንደ ዓሣዎቹ ኦክስጅን የሚሹ መሆናቸውን ልብ በሉ።

እንግዲህ የገንዳው ባለቤት አንድ ቀን ጠዋት ሲነሣ ዓሣዎቹ ሁሉ ወደ ውሃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን እየከፈቱ ሲያለከልኩ አገኘ እንበል። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው መድኃኒት ሳይሆን ማስተዋል ነው። አንድ ዓሣ ብቻ ታሞ ሌሎቹ ደኅና ከሆኑ በሽታ ሊጠረጠር ይችላል። ልዩ ልዩ ዓይነት ዓሣዎች በአንድ ሌሊት አብረው ከታመሙ ግን፣ ከሁሉ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ሁሉም በጋራ የሚተነፍሱት ውሃ ነው። ዓሣዎቹ ደኅና ሆነው ቀንድ አውጣዎቹና ሽሪምፖቹ ብቻ ቢሞቱ ደግሞ፣ ወደ ውሃው መዳብ ገብቶ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መዳብ ዓሣ በሚችለው መጠን እንኳ እነዚህን እንስሳት ይገድላልና።

ከዚህ ቀጥሎ ምርመራው በቅደም ተከተል ይካሄዳል። በቅድሚያ የሚታየው አየር ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሊትር ጨው አልባ ውሃ ከአየር ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን 8 ሚሊግራም ያህል ሲሆን፣ የባሕር ውሃ የሚይዘው ግን 7 ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ውሃው በሞቀ መጠን ይህ ይቀንሳል። ስለሆነም ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ከቆመ እጥረቱ ፈጥኖ ይመጣል። በሁለተኛ ደረጃ ሙቀቱና ጨዉ ይለካሉ። አንድ ኪሎግራም የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ውሃ ሲተን ጨዉ በገንዳው ውስጥ ይቀራል፤ በመሆኑም የተነነው የሚተካው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። በሦስተኛ ደረጃ አሞኒያው፣ ናይትራይቱና የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ ማለትም ፒ ኤች፣ ቀለም በሚለውጡ መመርመሪያዎች ይታያሉ። በቆየና በተደላደለ ገንዳ ውስጥ አሞኒያ በግልጽ ከታየ አንድ ብልሽት መኖሩ የተረጋገጠ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ነው፤ ጨዉም ትክክል ነው። አሞኒያው ግን በሊትር 1 ሚሊግራም ሆኖ ተገኘ። ፒ ኤቹም ከተለመደው 8.2 ወደ 7.8 ወርዷል። ባለቤቱ ጎረቤቱን ቢጠይቅ፣ ሌሊቱን ለብዙ ሰዓት መብራት ጠፍቶ እንደነበረ ነገረው። ስለዚህ ፓምፑ ቆሞ ነበር ማለት ነው። የፒ ኤቹም መውረድ ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ውሃው ሳይንቀሳቀስ ሲቀር እንስሳቱ የሚያስወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠራቅሞ ውሃውን ወደ አሲድነት ያዘነብለዋልና።

ታዲያ ምርመራው እዚህ ላይ ቢያበቃ ስሕተት ይሆናል። ፓምፑ ከተነሣ በኋላም አሞኒያው መጨመሩን ካላቆመ፣ የሚያመነጨው ነገር በገንዳው ውስጥ አለ ማለት ነው። ባለቤቱ ዓሣዎቹን ቢቆጥር አንድ ጎደለበት። ድንጋዮቹን አንሥቶ ቢፈልግ በድኑን በስብሶ አገኘው። ስለዚህ ለአሞኒያው የቅርብ ምክንያት የሞተው ዓሣ ሲሆን፣ ለዓሣው ሞት ደግሞ ሥር የሆነው ምክንያት የኦክስጅን እጥረት ሳይሆን አይቀርም። የባክቴሪያዎቹ በኦክስጅን ማጣት መዳከም ሁኔታውን አባብሶታል።

መፍትሔውም ከምክንያቱ ይመነጫል። በድኑ ይወጣል፤ ውሃው በደንብ እንዲናወጥ ይደረጋል፤ ምግብ ይቋረጣል። ከውሃው እኩሌታው፣ በሙቀትና በጨው መጠን ተመሳሳይ በሆነ አዲስ ውሃ ቢለወጥ፣ 1 ሚሊግራም የነበረው አሞኒያ ወዲያው ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዚህ ሥራ መዘግየት አይገባም። ምክንያቱም አየር ሲገባ ፒ ኤቹ ወደ 8.2 ይመለሳል፤ ፒ ኤቹ ከፍ ሲል ደግሞ ከአሞኒያው ውስጥ ይበልጥ መርዛማ የሆነው ክፍል ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። አየር ብቻ ሰጥቶ ውሃውን ሳይለውጥ የተቀመጠ ሰው፣ ዓሣዎቹ ከመታፈን ከዳኑ በኋላ በመርዝ ሲያልቁበት ሊያይ ይችላል።

በችኮላ የሚደረጉ ሁለት ነገሮች ጉዳቱን ያባብሳሉ። አንደኛው፣ በሽታው ሳይታወቅ ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት መጨመር ነው፤ ይህ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው፣ ማጣሪያውን ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ አጥቦ ማጽዳት ነው። ባለቤቱ ቆሻሻ አስወገድሁ ሲል የሚያስወግደው እነዚያኑ የማይታዩ ሠራተኞች ነው።

ከዚህ ምሳሌ የምትረዱት፣ ምልክትና ምክንያት የተለያዩ መሆናቸውን ነው። የዓሣዎቹ ማለክለክ ምልክት ነው፤ አሞኒያው የቅርብ ምክንያት ነው፤ የፓምፑ መቆም ግን ሥሩ ነው። ሥሩ ካልታወቀ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ያው አደጋ ይደገማል። ሥሩን ያወቀ ሰው ግን በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ አስቀድሞ ያዘጋጃል።

መልመጃ

ሀ/ ምንባቡን መሠረት በማድረግ መልስ ስጡ።
1. ባለቤቱ በሽታን ትቶ ውሃውን እንዲጠረጥር ያደረገው ምንድን ነው?
2. አየር ብቻ መስጠት በቂ ያልሆነው ለምንድን ነው?

ለ/ «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «ምክንያቱም» እና «ከ... የተነሣ» የሚሉት በምንባቡ ውስጥ ምክንያትንና ውጤትን እንዴት እንዳያያዙ አስረዱ። ከዚያም በእያንዳንዳቸው አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

ሐ/ ያልቦካ ሊጥ ወይም በድንገት የጠወለገ ችግኝ ምክንያቱ እንዴት እንደሚመረመር፣ ምልክቱን፣ የቅርብ ምክንያቱንና ሥሩን ለይታችሁ ባለ ሦስት አንቀጽ አስረጂ ድርሰት ጻፉ።