ባለአክሲዮን ምን ያህል የማወቅ መብት አለው?



ገንዘቡን ያዋጣ ሰው ስለ ኩባንያው ስልት ምን ያህል ማወቅ ይገባዋል? ይህን ጥያቄ በአፕል ጉዳይ ላብራራ።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 በተካሄደው ዓመታዊ ጉባኤ፣ የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን አንድ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ፤ ኩባንያው በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጠቃቀሙና በሚከተለው የሥነ ምግባር መመሪያ ላይ ሪፖርት ያውጣ የሚል ነበር። ቦርዱ ሪፖርቱ ስልታችንን ለተፎካካሪ ያጋልጣል ሲል ተቃወመ። ሐሳቡ ወደቀ፤ ሆኖም ከተሰጠው ድምፅ ከሲሶ በላይ አገኘ። በዚያው ጉባኤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቲም ኩክ ኩባንያው በዘርፉ በዓመቱ ውስጥ አዲስ ነገር እንደሚያሳይ ተናገሩ።

በጁን 2024 አፕል ኢንተለጀንስ ይፋ ሆነ። በማርች 2025 ግን ቃል የተገባለት የተሻሻለው ሲሪ እንደሚዘገይ ተገለጸ። በጁን 2025 ደግሞ ባለአክሲዮኖች አሳስታችሁናል በማለት ክስ መሠረቱ።

እነዚህን ክርክሮች ለየብቻ አስተምር ነበር፤ የመጀመሪያውን በሥነ ምግባር፣ ሁለተኛውን በውድድር ሥር። ዛሬ መለየቴ ስሕተት እንደነበር አምናለሁ። ጥንቃቄን የሚሻውም ሆነ ፍጥነትን የሚሻው ባለአክሲዮን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የአስተዳደሩን ቃል የሚመዝንበት መረጃ። ምስጢር ኩባንያውን ከተፎካካሪ ይጠብቅ ይሆናል፤ ባለቤቱን ግን በተስፋ ብቻ እንዲወስን ያስገድደዋል።

ስለዚህ የውሳኔ ሐሳብ ወደቀ ሲባል ስትሰሙ፣ የድምፁን ቁጥር ብቻ አትመልከቱ፤ ጥያቄው መልስ አግኝቶ እንደሆነም መርምሩ።