የዳክዬ ጫጩት ከቅርፊቱ ሲወጣ እናግዘውን?

የፔኪን ዳክዬ እንቁላል በ28ኛው ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ጫጩቱ ቅርፊቱን በምንቃሩ ከበሳ በኋላ ግን ለረጅም ሰዓት ጸጥ ይላል። እኛም በአንድ ወቅት ጸጥታው አስጨንቆን ቅርፊቱን ብንልጥለት ደም ፈሰሰ፤ ጫጩቱም አልተረፈም። ለካስ በሳንባው መተንፈስን እየለመደ፣ በስስ ሽፋኑ የደም ሥሮች ያለውን ደምና የቀረውን አስኳል ወደ ሰውነቱ እየሳበ ኖሯል። ይህም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ይልቅ የሚያሰጋው የመፈልፈያ ሣጥኑን ክዳን ደጋግሞ መክፈት ነው፦ እርጥበት ያዘለው አየር ሲወጣ ትነት ይፈጥናል፤ ሽፋኑም ደርቆ ጫጩቱን ጠፍሮ ይይዘዋል።

ከወጣ በኋላም ትንሽ አካል ከክብደቱ አንጻር ሰፊ ገጽ ስላለው ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ በመጀመሪያው ሳምንት 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሻል። ዳክዬ ነውና ይዋኝ አይባልም፤ ለስላሳ ላባው ከራሰ ይበርደዋል።