የንግድ ቤት የኮምፒዩተር ዘበኛ፤ ከፍሎፒ ዲስክ ወደ ካርድ

ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ለሕዝብ አገልግሎት ከዋለበት ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ የንግድ ሥራ ጠባይ እጅግ ተለውጧል። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በቡኢ ከተማ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ፣ መርካቶ ድረስ ሳይጓዝ ዕቃ ለማዘዝና ገንዘብ ለማስተላለፍ ይችላል። ነገር ግን በር የተከፈተለት ቤት ሁሉ ዘበኛ ያሻዋል። ይህም ዘበኛ ፋየርዎል ይባላል፤ ሥራውም በንግድ ቤቱ ኮምፒዩተሮችና በውጭው መሥመር መካከል ቆሞ፣ ያልተፈቀደውን መልእክት መመለስ ነው።

ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ ማውጣት ግድ አይደለም። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑክስ ያለ ዋጋ የሚገኝ በመሆኑ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የሊኑክስ ራውተር ፕሮጀክትን የመሳሰሉ ሥራዎች አሮጌ ኮምፒዩተርን ከአንድ ፍሎፒ ዲስክ አስነሥቶ ዘበኛ ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል። የዲስኩ መጠን 1.44 ሜጋባይት ብቻ ነው። በላዩ ያለው ሁሉ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ራም ወደሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ይገለበጣል፤ የዲስኩ መቈለፊያ ከተገፋ ደግሞ ሰርጎ ገብ በላዩ አንዳች ሊጽፍበት አይችልም።

ይሁን እንጂ ዘዴው አንድ ከባድ ጉድለት አለበት። ዲስኩ የሚያስፈልገው በመነሻው ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ወራት ሙሉ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል፤ መበላሸቱም የሚታወቀው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው። ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ አይነሣም፤ መሥመሩም ይዘጋል። ባለሙያ ከቡታጅራ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ደንበኛ ይጠብቃል። ከዚህም የከፋው፣ የቸኰለ ሠራተኛ ዘበኛውን ትቶ ሽቦውን በቀጥታ ያገናኘ እንደሆነ የሒሳቡ መዝገብ ያለ ጠባቂ መቅረቱ ነው። ደግሞም ሶኒ ፍሎፒ ዲስክ መሸጡን በ2011 እ.ኤ.አ. ስላቆመ፣ ደኅና ምትክ ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል።

መፍትሔው የሚሽከረከር አካል የሌለው የማኅደር ካርድ ነው። ሳንዲስክ በ1994 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኮምፓክት ፍላሽ፣ በቀላል ማገናኛ አማካይነት በአሮጌ ኮምፒዩተር የሃርድ ዲስክ ሽቦ ላይ ይሰካል፤ ኮምፒዩተሩም እንደ ሃርድ ዲስክ ይቀበለዋል። ሞተር ስለሌለው አቧራና ንቅናቄ እንደ ፍሎፒ አይጎዱትም። ቦታውም ሰፊ ስለሆነ፣ አዳዲስ የመከላከያ ማሻሻያዎችን መጨመር ይቻላል።

ነገር ግን ካርዱም ጥንቃቄ ይሻል። ያለማቋረጥ ቢጻፍበት ያልቃል፤ በመጻፍ ላይ ሳለም መብራት ቢጠፋ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ለማንበብ ብቻ እንዲከፈት ማድረግ፣ የዕለት መዝገቡንም በራም ላይ ማኖር ይገባል። እንዲሁም ሁለተኛ ካርድ ገልብጦ፣ ኮምፒዩተሩን ከእርሱ በእውነት አስነሥቶ ከፈተኑ በኋላ በካዝና ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የሚመረጠውም ሊኑክስ ዛሬም ማሻሻያ የሚወጣለት ይሁን፤ በአዲስ ካርድ ላይ የተጫነ የጥንት ፕሮግራም ዐይኑ የደከመ ዘበኛ ነውና።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፣ ጥበቃ የሚጠቅመው አስቀድሞ ሲዘጋጅ ነው። ፍሎፒ ዲስክ ያለበት ንግድ ቤት፣ መብራት ሳይጠፋ በፊት ኮምፒዩተሩን ራሱ አጥፍቶ በማስነሣት ዘበኛውን ይፈትን።