ሳጥኑ የሚከፈትበት ቦታ

ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ባለችው ኩታበር፣ በገበያ ቀን የአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከሚታየው ዕቃ ብዙው ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ቴርሞሱ፣ በፀሐይ የሚሞላው መብራት፣ የእጅ ስልኩ፣ ብርጭቆው ከምሥራቅ እስያ ወደብ ተነሥቶ ጅቡቲ እስኪደርስ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። ከጅቡቲ በባቲ አድርጎ በቀጥታ ቢመጣ እስከ ኮምቦልቻ የሚቀረው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆኖም በኪሎ ሜትር ሲሰላ ውድ የሚሆነው ይኸው አጭሩ መንገድ ነው፤ ከኮምቦልቻ ወዲህ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት ኮንቴነር የሚባለው የብረት ሳጥን ምን እንደሚሠራ፣ ከዚያም ሥራውን የት ላይ እንደሚያቆም ማወቅ ያስፈልጋል።

ባሕር ተሻግሮ የመጣ ብዙ ጭነት ወደዚህ ደጋ ሲወጣ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ አንድ ታላቅ ታሪክ አለ። የሆነውም ከኩታበር ጎረቤት ከተንታ ምድር፣ ከመቅደላ አምባ ላይ ነው። በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የሮበርት ናፒየር ጦር ከ280 በላይ በሆኑ መርከቦች ተጭኖ ቀይ ባሕር ዳርቻ ዙላ ላይ አረፈ። 13,000 ያህል ወታደር፣ በቁጥር ከወታደሩ የሚበልጥ አጃቢ፣ ከ40,000 በላይ እንስሳትና ከነዚሁ መካከል 44 ዝሆኖች ነበሩት። ዙላ ላይ መርከብ የሚጠጋበት ወደብ ስላልነበረ መጀመሪያ መጠጊያ ተሠራ፤ ከዚያ አጭር የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ ከሐዲዱ ጫፍ ወዲያ ያለው ሁሉ በበቅሎ፣ በግመልና በዝሆን ጀርባ ሆነ። አንድ ከረጢት ከመርከብ ሆድ ወጥቶ መቅደላ ሥር እስኪደርስ ስንት ጊዜ በሰው እጅ እንደተነሣ፣ ስንት ጊዜ መሬት እንደነካ ማሰብ ነው። ድሉ የመድፍ ብቻ አልነበረም፤ ከባሕር እስከ አምባው 650 ኪሎ ሜትር ያህል ስንቅን ሳይቋረጥ ማሸጋገር የቻለው የዘመኑ ትልቁ ግዛት ገንዘብ ነበር። ከገንዘቡ ብዙው ያለቀውም በዚሁ በማጓጓዙ ነው።

ከዚያ በኋላ ዘጠና ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ ድረስ የዓለም ወደቦች አሠራር በመሠረቱ አልተለወጠም። መርከብ ሲደርስ ወዛደሮች ወደ ሆዱ ይገባሉ፤ ጆንያውን፣ በርሜሉን፣ ሳጥኑን አንድ በአንድ ያወጣሉ። መርከቡ ከሚጓዝበት ጊዜ ወደብ ላይ ቆሞ የሚውልበት አይተናነስም ነበር። ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት ያስተዋለው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 26 ቀን 1956 አይዲያል ኤክስ የተባለችው የእሱ መርከብ 58 የብረት ሳጥኖች በመርከቧ ወለል ላይ ደርድራ ከኒው ጀርሲ ወደ ሂዩስተን ተነሣች። በዚያን ጊዜ ልቅ ጭነትን መርከብ ላይ ለማውጣት በቶን 5 ዶላር ከ86 ሳንቲም ይፈጅ ነበር። በሳጥን የተጫነው 16 ሳንቲም እንኳ አልሞላም። መርከቧ አሮጌ ናት፣ ባሕሩም ያው ባሕር ነው፤ የተለወጠው ዕቃው በመንገድ ላይ አለመነካቱ ብቻ ነበር።

ሳጥኑ ሲታይ ቀላል ነው፤ ጥበቡ ያለው ማዕዘኖቹ ላይ ነው። አጭሩ ኮንቴነር 6.06 ሜትር፣ ረጅሙ 12.19 ሜትር ይረዝማል፤ የሁለቱም ወርድ 2.44 ሜትር ነው። በስምንቱ ማዕዘን ቀዳዳ ያላቸው ወፍራም የብረት ጉልበቶች አሉ። በቀዳዳው ገብቶ ሲዞር የሚቆልፈው ትዊስት ሎክ ሳጥንን ከሳጥን፣ ከመርከብ፣ ከተሳቢና ከባቡር ፉርጎ ጋር ያያይዛል። ይህን የነደፈው ኪት ታንትሊንገር የተባለ መሐንዲስ ሲሆን ማክሊን የፈጠራ መብቱን ለዓለም ሁሉ በነፃ ለቀቀው። በኔ አስተያየት ከሳጥኑ ይልቅ ዓለምን የለወጠው ይህ ውሳኔ ነው። ሻንጋይ ላይ የተቆለፈ ሳጥን ኮምቦልቻ ባለ ተሳቢ ላይ ያለ አንዳች ማስተካከያ ልክ ሆኖ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የጎን ግድግዳው ቆርቆሮ ቀጭን ነው፤ በላዩ የተደረደረውን ክብደት የሚሸከሙት አራቱ የማዕዘን ቋሚዎች ናቸው። በእንጨት ቤታችን ጣሪያውን የሚሸከመው ምርጊቱ ሳይሆን ቋሚው እንደሆነው ማለት ነው። በተለመደው የፍተሻ ደረጃ አንድ ኮንቴነር 192 ቶን በላዩ እንዲችል ይጠበቃል፤ ይኸውም ባሕሩ ሲያናውጥ የሚጨመረው ጫና ታስቦበት ነው። ግድግዳው ግን ሥራ ፈት አይደለም፤ ሳጥኑ ወደ ጎን እንዳይጣመም የሚይዘው እሱ ነው። በየከተማችን መንገድ ዳር ሱቅ የሆኑት አሮጌ ኮንቴነሮች ጎናቸው ተቆርጦ መስኮት ሲወጣላቸው መሬት ላይ እስካሉ ምንም አይሆኑም፤ እንደገና በክሬን ተነሥተው መርከብ ላይ ሊደረደሩ ግን አይችሉም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። አጭሩ ኮንቴነር በውጭ ልኩ 38 ሜትር ኩብ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ቢሰምጥ 39 ቶን የሚሆን የባሕር ውኃ ይገፋል ማለት ነው። የሚፈቀድለት ትልቁ ክብደት ደግሞ 30.48 ቶን ነው። ስለዚህ ውኃ እስካልገባው ድረስ አፍ እስከ ገደፉ የተሞላ ኮንቴነር እንኳ አይሰምጥም። በማዕበል ከመርከብ የወደቁ ሳጥኖች አንዳንዴ ለብዙ ቀን ተንሳፍፈው የሚገኙት ለዚህ ነው፤ ለትናንሽ ጀልባዎችም አደጋ ናቸው።

በሩ ላይ የተጻፉት አራት ፊደሎችና ሰባት ቁጥሮችም እንዲያው የተጻፉ አይደሉም። የመጨረሻው ቁጥር የሌሎቹ ጠባቂ ነው። እያንዳንዱ ፊደል የቁጥር ዋጋ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ሁሉም በየተራቸው በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እያሉ ተባዝተው ይደመራሉ፤ ድምሩ ለ11 ሲካፈል የሚተርፈው ያ የመጨረሻ ቁጥር ነው፤ ትርፉ 10 ከሆነ በ0 ይጻፋል። ጸሐፊው አንድ ቁጥር ቢሳሳት ሂሳቡ ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ሁኔታ እምቢ ይላል። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ አንድ ዓይነት ሳጥኖች በሚገላበጡበት ወደብ የአንድ ነጋዴ ንብረት እንዳይጠፋ የሚጠብቀው ይህች ትንሽ ሂሳብ ናት።

ባሕሩ ርካሽ የሆነበት ሁለተኛው ምክንያት ውኃው ራሱ ነው። መርከብን የሚሸከመው የሚገፋው ውኃ እንጂ ሞተሩ አይደለም፤ ሞተሩ የሚታገለው ከውኃው ሰበቃና ከማዕበሉ ጋር ብቻ ነው። መርከብ ሲተልቅ የሚጭነው ከሚጨምርበት ሰበቃ ይልቅ በብዙ ያድጋል፤ ዛሬ 400 ሜትር የሚረዝሙ፣ ከ24,000 በላይ አጭር ኮንቴነር የሚጭኑ መርከቦች የተሠሩት በዚህ ሂሳብ ነው። ፍጥነት ግን ይቀጣል። የሚያስፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ኩብ ያህል ስለሚያድግ ፍጥነትን በአሥር በመቶ መቀነስ ከሞተሩ የሚፈለገውን ኃይል ከሩብ በላይ ይቀንሳል። ነዳጅ ሲወደድ መርከቦች ቀስ ብለው የሚሄዱት ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዳገቱ እንምጣ። የጅቡቲ ወደብ ከባሕር ጠለል እኩል ነው፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ያለው መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት፣ ለከፍታው ብቻ፣ 725 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ያወጣል። ይህ በ20 ሊትር ናፍጣ ውስጥ ያለ ጉልበት ነው። ነገር ግን ጥሩ የናፍጣ ሞተር ከነዳጁ ወደ ሥራ የሚለውጠው 40 በመቶ ያህሉን ስለሆነ ወጪው 50 ሊትር ይሆናል። በዚህ ላይ የጎማው ሰበቃ፣ የአየሩ ግፊት፣ በአፋር ሐሩር የሚጋየው ጎማ፣ ከባቲ ወዲህ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ ዝቅተኛ ማርሽ ሁሉ ይጨመራል። መኪናው ሲመለስ ደግሞ ወደ ላይ ያወጣው ጉልበት በፍሬን ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የኤሌክትሪክ ባቡር ቢሆን ኖሮ ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ከፊሉን ወደ መስመሩ ሊመልስ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው 752 ኪሎ ሜትሩ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ኤሌክትሪክ ነው። ከአዋሽ ተገንጥሎ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሃራ ገበያ የተዘረጋው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሮ፣ ብዙ ሥራው ተጠናቆ፣ በኃይል አቅርቦት ችግር ቆመ፤ በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ሳቢያም ጉዳት ደረሰበት። ሐዲዱ በወሎ ምድር ተነጥፎ ሳለ ሳጥኑ አሁንም በጎማ መምጣቱ የሚያስቆጭ ነገር ነው።

ወሎ ወደብን በመጠበቅ የከፈለው ዋጋ ከዚህም የከበደ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱ ዋና በር አሰብ ነበር፤ ከኮምቦልቻ በባቲ ወደዚያ የሚወርደው መንገድም የታወቀ ነው። በ1977ቱ ድርቅ እህል በመርከብ እየመጣ አሰብ ላይ ሲከማች፣ ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ ያልቅ ነበር። ባሕሩን የተሻገረው እህል የጎደለው ወደ ደጋው የሚያወጣው በቂ የጭነት መኪና ነበር። ዕርዳታው ሰው የሚያድነው መርከቡ ሲራገፍ ሳይሆን ጆንያው መጠለያው በር ላይ ሲወርድ መሆኑን ከዚያ ዘመን በላይ የሚያስተምር የለም።

ዛሬ አገሪቱ ባሕር የላትም፤ መርከብ ግን አላት። ጋምቤላ፣ አሶሳ፣ ሰመራ የሚል ስም የተጻፈባቸው መርከቦች ባሕር ላይ ይውላሉ። ከኢትዮጵያ ኮንቴነሮች ብዙዎቹ ግን በሌሎች አገሮች ኩባንያዎች መርከብ ነው ጅቡቲ የሚራገፉት። ለደጋው ሰው ከመርከቡም በላይ የሚጠቅመው መልቲ ሞዳል የሚባለው አሠራር ነው። ከመነሻው ወደብ እስከ ሞጆ ወይም ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ድረስ አንድ ሰነድ፣ አንድ ኃላፊ አጓጓዥ ብቻ ይኖራል። ኮንቴነሩ ጅቡቲ ላይ ሳይከፈት ታሽጎ ያልፋል፤ የጉምሩክ ሥራው በአገር ውስጥ ያልቃል። ዩኒ ሞዳል በሚባለው በድሮው አሠራር ግን አስመጪው ጅቡቲ ላይ ጉዳዩን የሚያስፈጽም ትራንዚተር መያዝ፣ መኪና ማፈላለግ፣ ለወደብ ኪራይና ደሙሬጅ ለሚባለው የመዘግየት ቅጣት መክፈል ነበረበት።

ይሁንና ሳጥኑ ኮምቦልቻ ወይም ሞጆ ላይ ይከፈታል፤ የኮንቴነር ጥቅምም እዚያው ያበቃል። ካርቶኑ በጫኝና አውራጅ ትከሻ ይወርዳል፤ አብዛኛው ሸቀጥ መርካቶን አይቶ፣ ሌላ መጋዘን ገብቶ፣ በአይሱዙ ተጭኖ ደሴ ይደርሳል። ከደሴ ወደ ኩታበር፣ ወደ ተንታ ወይም በአቀስታ ወደ መካነ ሰላም ሲሄድ እንደገና ይራገፋል፤ ከመንገድ ለራቀው ቀበሌ የመጨረሻው አጓጓዥ አህያ ነው። በየማራገፊያው የሚከፈለው ለርቀቱ ሳይሆን ለማንሣቱና ለማስቀመጡ ነው። ይኸው እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ወደብ የተፈታው ችግር ነው፤ በደጋው ግን አልተፈታም።

ሁሉም ነገር በኮንቴነር መምጣት አለበት ማለት አይደለም። ከባሕር ማዶ መጥቶ የኩታበርን ገበሬ በየዓመቱ የሚያገኘው ትልቁ ጭነት ማዳበሪያ ነው፤ እሱም በመርከብ ሆድ ልቅ ሆኖ ይመጣና ጅቡቲ ላይ በጆንያ ይሞላል፣ ከዚያ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት በኩል ይከፋፈላል። አንድ ዓይነት የሆነ፣ በኪሎ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ በብዙ ሺህ ቶን የሚመጣ ነገር በክሬን እየተዘገነ መራገፉ ይቀላል፤ ሳጥኑን መመለስም አይጠበቅም። ችግሩ ጊዜው ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ መድረስ ስላለበት በጥቂት ወራት ውስጥ መኪና ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል።

ሳጥኑን የመመለሱ ነገር ግን ሌላ በር ይከፍታል። አገራችን የምታስገባው ከምትልከው እጅግ ስለሚበልጥ ከመጡት ኮንቴነሮች ብዙዎቹ ባዷቸውን ወደ ጅቡቲ ይወርዳሉ። መኪናው ለማንኛውም ይወርዳል፤ ሳጥኑም ለማንኛውም ይመለሳል። የደቡብ ወሎ ደጋ ደግሞ ምስርና ባቄላ የሚያበቅል አገር ነው። አንድ አጭር ኮንቴነር 24 ቶን ያህል ምስር፣ ማለትም 240 ኩንታል ይይዛል። አንድ ገበሬ ይህን አያመርትም፤ ዩኒየን ግን ሊያሰባስበው ይችላል። እህሉ ከዚህ በየጆንያው ተጭኖ ጅቡቲ ላይ ወደ ኮንቴነር ከሚገለበጥ ይልቅ ኮምቦልቻ ላይ ተሞልቶ ቢታሸግ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ገዥው መጋዘን ማንም አይነካውም።

ለዚህ ግን አንድ አስቸጋሪ ባላጋራ አለ፤ ላኪዎች ቡናም ሲልኩ የሚፈሩት ነው። እህል ደረቅ ቢመስልም በውስጡ ውኃ አለ። ጅቡቲ ላይ የፀሐይ ሐሩር ሳጥኑን ሲያግለው እርጥበቱ ከእህሉ ወጥቶ አየሩ ውስጥ ይገባል። ሌሊት ወይም ባሕር ላይ ቅዝቃዜ ሲያገኝ የብረቱ ጣሪያ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱ ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ይቋጥርና እላይ ባለው ጆንያ ላይ ይንጠባጠባል። ባሕሩ አንድ ጠብታ ሳያስገባ እህሉ ይሻግታል። መከላከያው ውድ አይደለም፤ ከመጫኑ በፊት እርጥበቱን በመለኪያ አይቶ በደንብ ማድረቅ፣ ግድግዳውንና የላይኛውን ጆንያ በወፍራም ወረቀት መሸፈን፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ማንጠልጠል ነው። ወለሉ ከዚህ በፊት ምን እንደተጫነበት ማሽተትም ያስፈልጋል፤ ኬሚካል የጫነ ሳጥን ጠረኑን ለምስሩ ይሰጠዋል። የተሞላው ኮንቴነር ከነዕቃው ያለው ክብደት ተረጋግጦ በሰነድ ካልቀረበም እ.ኤ.አ. ከ2016 አጋማሽ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መርከብ አይጭነውም። እንግዲህ ለመጀመሪያው ሳጥን የሚያስፈልገው የእርጥበት መለኪያ፣ ሚዛን፣ ወፍራም ወረቀትና 240 ኩንታል የተበጠረ ምስር ነው።