የአንድ ቃል ልዩ ልዩ ፍቺዎች፦ «ብርሃን» እና «ላይት»

ተማሪ ጨርሶ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው መምህሩን ይጠይቃል፤ ወይም መዝገበ ቃላት ይመለከታል። አንዱን ፍቺ ብቻ የሚያውቀው ቃል ሲገጥመው ግን የሚያውቀው ስለሚመስለው ሳይጠይቅ ያልፋል። ስሕተት የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዓይነት ቃል ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በጅማ አካባቢ ካሉት የቡና ከተሞች በአንዱ መምህር በነበረበት ጊዜ፣ በእንግሊዝኛ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ አንድ ተማሪ ነበር። አያቱ ታመው መድኃኒት ሲታዘዝላቸው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወረቀት ያነበበላቸው እሱ ነው። ወረቀቱ መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ «ላይት» ከሆነ ምግብ ጋር እንዲወሰድ ያዛል። ተማሪው «ላይት» ማለት ብርሃን መሆኑን ስለሚያውቅ፣ «በብርሃን ይበላ ነው የሚለው» ብሎ ነገራቸው። አያቱም የጧቱን እየወሰዱ፣ እራት የሚደርሰው ከጨለመ በኋላ ስለሆነ የማታውን ተዉት። ሕመማቸው እየጠና ሄደ። ከሳምንት በኋላ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመለሱ ነርሷ ነገሩን ተረዳችና፣ ቃሉ «ቀለል ያለ ምግብ» ለማለት የተጻፈ መሆኑን አስረዳች። ተማሪው ይህን ሲናገር፣ «ጋሼ፣ ቃሉን ባላውቀው ኖሮ እጠይቅ ነበር» አለ።

እንግዲህ አንድ ቃል ብዙ ፍቺ የሚኖረው እንዴት ነው? ትክክለኛውስ ፍቺ የሚለየው በምንድን ነው? ከዚህ ቀጥሎ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች እንመለከታለን።

ሀ/ እማሬያዊና ፍካሬያዊ ፍቺ

የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፦

1. የጥላው ዛፍ ስለበዛ ቡናው ብርሃን አጣ።
2. አያቴ በእርጅናቸው ብርሃን አጡ።

በሁለቱም ውስጥ ያለው ስም «ብርሃን»፣ ያለው ግስም «አጣ» ነው። ፍቺያቸው ግን የተለያየ ነው። በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት አካባቢ ቡና እንደ ዋንዛና ብርብራ ባሉ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ጥላው ሲበዛ የፀሐይ ጨረር ስለማይደርሰው አበባው ያንሳል፤ ሲሳሳ ደግሞ ቅጠሉ በፀሐይ ይጎዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ብርሃን» የፀሐይ ብርሃን ነው። ይህ ቃሉ በቀጥታ የሚሰጠው፣ እማሬያዊ የሚባለው ፍቺ ነው። በሁለተኛው ግን ፀሐይዋ እንዳለች ናት፤ የጠፋው የማየት ኃይል ነው። ይህን ልዩነት ያስገነዘበን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው።

ቃሉ ከዚህም አልፎ ዕውቀትን ያመለክታል። በ1914 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው ማተሚያ ቤት «ብርሃንና ሰላም» ሲባል፣ ስያሜው የዕውቀትን ብርሃን የሚያስብ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ ፊደል የቆጠረ ጎልማሳ «ዓይኔ በራልኝ» ቢል፣ ዓይኑ ታውሮ ነበር ማለት አይደለም። እንዲህ ያለው በምሳሌነት የሚገኝ ፍቺ ፍካሬያዊ ይባላል። በአንጻሩ ግን ደብረ ብርሃን የተባለችው ከተማ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ስሟን ያገኘችው በሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን መሆኑን ልብ በሉ። ስለዚህ ቃሉ ስም ሆኖ ሲያገለግልም እንኳ ታሪኩን ሳይመረምሩ ፍቺውን መወሰን አይገባም።

ለ/ ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት

«ብርሃን»፣ «መብራት»፣ «በራ»፣ «አብራራ» እና «ማብራሪያ» ዝምድና ያላቸው ቃላት ናቸው። «መብራት» ቀድሞ ኩራዝንና ፋኖስን የመሰለ፣ በላምባ የሚበራ ዕቃ ስም ነበር። የኤሌክትሪክ ኃይል ሲስፋፋ ግን ስሙ ለኃይሉም ተሰጠ። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤት እንኳ በስሙ ውስጥ «መብራት» እና «ኃይል» የሚሉትን ቃላት አጣምሮ ይዞ ነበር። ዛሬ በጠራራ ፀሐይ «መብራት ስለሌለ ወፍጮው ቆመ» ቢባል የሚደነቅ የለም። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው፣ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ ቁጥር 1 ግድብ በጅማ ዞን ይገኛል፤ ከዚያ ለሚመጣው ኃይልም ስሙ በሕዝቡ አነጋገር «መብራት» ነው።

«አብራራ» ደግሞ ለሰሚው የጨለመውን ነገር ግልጽ አደረገ ማለት ነው። ከእናንተ መካከል ኦሮምኛ የሚናገሩ ተማሪዎች ይህን በቀላሉ ይረዱታል፤ በኦሮምኛም «ኢብሱ» የሚለው ግስ መብራት ማብራትንና ነገርን ማስረዳትን ያመለክታል። ሁለቱ ቋንቋዎች ዕውቀትን በብርሃን መስለው ተናግረዋል ማለት ነው።

ሐ/ በአጋጣሚ የተገናኙ ቃላት

የእንግሊዝኛው «ላይት» ብርሃንን፣ ክብደት የሌለውን ነገርና ፈካ ያለ ቀለምን ያመለክታል። ፈካ ያለው ቀለም ከብርሃን ጋር ዝምድና አለው። ብርሃንና ቀላል ግን በጥንት ዘመን ከሁለት የተለያዩ ሥሮች የወጡ፣ ከጊዜ በኋላ በድምፅና በጽሕፈት የተመሳሰሉ ሁለት ቃላት ናቸው። በአማርኛ «ዋና» የሚለው ጽሕፈት ሲላላ መዋኘትን፣ ሲጠብቅ ደግሞ ዋነኛውን እንደሚያመለክት ማስታወስ ይጠቅማል። እዚህም ቢሆን በሁለቱ ፍቺዎች መካከል ዝምድና የለም።

አማርኛ ለክብደቱ ጉዳይ «ቀለለ» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ ይህም ቃል በተራው ብዙ ፍቺ ይዟል። ጀንፈል ቡና በፀሐይ ሲደርቅ ይቀልላል፤ ላጠና ተማሪ ፈተናው ይቀልላል፤ ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ደግሞ በሰው ፊት ይቀልላል። የኦሮምኛው «ሰልጳ» ቀላል ማለት ሲሆን፣ ከእሱ የወጣው «ሰልጲና» ውርደት ማለት ነው። ዝምድና ያላቸው ፍቺዎች ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው አብረው ሲሄዱ ይታያሉ። በአጋጣሚ የተመሳሰሉት ግን በትርጉም ጊዜ ይለያያሉ፤ የአያትዬውም መድኃኒት የተስተጓጎለው በዚህ ምክንያት ነው።

መ/ ትክክለኛውን ፍቺ መለያ መንገዶች

1. ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። የቃል ፍቺ የሚለየው በዐውዱ ነው።
2. የቃሉን ክፍል ለዩ። በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ «ላይት» ምግብ ከሚለው ስም በፊት የገባ ቅጽል ነበር፤ ስለዚህ የምግቡን ዓይነት እንጂ ሰዓቱን አይናገርም።
3. በቃሉ ቦታ ሌላ ቃል ተክታችሁ ሐሳቡ መሄዱን መርምሩ።
4. ሁለት ፍቺ የሚያስኬድ ሆኖ ከተገኘ ጠይቁ። በተለይ ማንበብ ለማይችል ሰው የምታነቡ ከሆነ፣ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ሌላ ሰው መሆኑን አትዘንጉ።

መልመጃ

ሀ. ከዚህ በታች የተሰመረባቸው ያህል በትእምርተ ጥቅስ የተለዩት ቃላት ፍቺያቸው እማሬያዊ ወይም ፍካሬያዊ መሆኑን ከነምክንያቱ ግለጹ።

1. ጎሕ ሳይቀድ ፋኖሱ «በራ»።
2. መምህሯ ደጋግማ ስታስረዳኝ ነገሩ «በራልኝ»።
3. የዕርቁ ወሬ ለቤተሰቡ «ብርሃን» ሆነ።
4. ደረቁ ቡና ሲመዘን «ቀለለ»።

ለ. በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ ብዙ ፍቺ ያለው አንድ ቃል ፈልጉ። ፍቺዎቹን የሚያሳዩ አምስት ዓረፍተ ነገሮች ከሠራችሁ በኋላ፣ ቃሉን በተሳሳተ መንገድ መረዳት ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት በአንድ አንቀጽ አብራሩ።