ጓንዡ ላይ የት እንረፍ?

ለንግድ ወደ ቻይናዋ ጓንዡ የሚጓዙ ወንድሞችና እህቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት የአልጋውን ዋጋ ነው። ሶላቱና ምግቡስ?

በዩዌሹ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የሽያዎቤይ ሠፈር የአፍሪካና የዐረብ ነጋዴዎች የሚያዘወትሩት ነው። ሐላል ምግብ ቤቶች አሉት፤ የሽየንሽየን መስጂድም ከዚያ ሩቅ አይደለም። የካንቶን የንግድ ትርዒት በሚካሄድባቸው በጥቅምትና በሚያዝያ ግን የአልጋ ዋጋ ስለሚንር ቀደም ብላችሁ ያዙ።

የሀገር ልጅ ቤት የምታርፉ ከሆነ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ፖሊስ ዘንድ ተመዝገቡ፤ ሆቴል ከሆነ ምዝገባውን ሆቴሉ ይፈጽማል። ይህን መዘንጋት ያስቀጣል።

በአልጋ ዋጋ ጥቂት አትርፈን ሶላት ካሳለፍን ትርፉ የቱ ላይ ነው? አላህ ጉዟችሁን የሰላም፣ ሪዝቃችሁንም ሐላል ያድርግላችሁ።