በደረቅ ጭቃ የሚቆይ ፅንስ፦ የኪሊፊሽ የዕድገት ዕረፍት ዘረመላዊ አሠራር

በዚምባብዌና በሞዛምቢክ ቆላማ ቦታዎች ለጥቂት ወራት ብቻ ውሃ የሚይዙ ኩሬዎች አሉ። በእነዚህ ኩሬዎች የሚኖረው ኖቶብራንኪየስ ፉርዜሪ የተባለው ትንሽ የኪሊፊሽ ዝርያ ውሃው ሲደርቅ ይሞታል፤ በጭቃው ውስጥ የጣላቸው እንቁላሎች ግን እስከሚቀጥለው ዝናብ ይቆያሉ። አዋቂው ከ4 እስከ 6 ወር ገደማ ሲኖር፣ ፅንሱ ከዚያ ለረዘመ ጊዜ ዕድገቱን ገትቶ ሊቆይ ይችላል። ይህ የዕድገት ዕረፍት ዲያፖዝ ይባላል።

ዲያፖዝ በሦስት የዕድገት ደረጃዎች ሊከሰት ይችላል፤ በስፋት የተጠናው ሁለተኛው ነው። በዚህ ደረጃ ያለ ፅንስ የአንጎል መሠረት፣ ጡንቻና የሚመታ ልብ አለው። ለጥያቄው ክብደት የሚሰጠውም ይኸው ነው። ገና ያልተለዩ ሕዋሳትን ከማቆየት ይልቅ፣ አንድ ጊዜ የተሠራ ጡንቻን ሳያድግም ሳይበላሽም ለወራት ማቆየት እጅግ ይከብዳል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በዲያፖዝ ወቅት የሕዋስ መባዛትን የሚመሩ ጂኖች ሥራ ሲቀንስ የክሮማቲንን ይዞታ የሚቆጣጠሩ አንዳንድ ጂኖች ግን ይበልጥ ይሠራሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲቢኤክስ7 ነው። ይህ ጂን የተበላሸባቸው ፅንሶች ወደ ዲያፖዝ ይገባሉ፤ ሆኖም ጡንቻቸው ይጎዳል፤ ዕረፍቱንም እንደ ጤነኞቹ ይዘው መቆየት ይሳናቸዋል። ስለዚህ ዕድገትን መግታትና የተገታውን አካል መጠበቅ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ደግሞ ያለማቋረጥ የሚከናወን ነው። ያረፉት ጤነኛ ፅንሶች አድገው ሲታዩ በዕድሜም ሆነ በመራባት ካላረፉት አላነሱም።

ወደ ዕረፍቱ የሚገባበት መንገድ ጎልቶ የታየው በቬንዙዌላው ኪሊፊሽ በአውስትሮፈንዱሉስ ሊምኔየስ ነው። ፅንሱ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀመጥ ወደ ሁለተኛው ዲያፖዝ ይገባል፤ በ30 ዲግሪ ግን ሳያርፍ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ምርጫው ከቫይታሚን ዲ ምልክት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል፤ በ20 ዲግሪ ያሉት ፅንሶች ቫይታሚን ዲ3 ሲሰጣቸው ዕረፍቱን ዘለው አድገዋል። በዲያፖዝ ያለው የዚህ ዝርያ ፅንስ በ25 ዲግሪ ያለ ኦክስጅን ከ60 ቀናት በላይ መቋቋም ይችላል። የአጥቢ እንስሳት አንጎል ኦክስጅን ሲቋረጥበት በደቂቃዎች ውስጥ የሚጎዳ መሆኑን ላስታወሰ አኃዙ አስደናቂ ነው።

የሁለቱ አህጉራት ዓሦች ሁለተኛውን ዲያፖዝ ያገኙት ለየብቻቸው ነው። በመሆኑም በአንዱ የተገኘውን ወደ ሌላው በቀጥታ ማዛወር ጥንቃቄ ይሻል። የአፍሪካውን ዝርያ በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2024 በሴል መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በዲያፖዝ የሚሠሩት በርካታ ጂኖች ከብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በጥንድ የተባዙ፣ በሌሎች አከርካሪ እንስሳትም የሚገኙ መሆናቸውን አሳይቷል። ከጥንዱ አንዱ በንቁ ዕድገት ሌላው በዲያፖዝ ጊዜ ይበልጥ ይሠራል። በቅርብ ዘመን የተለወጠው እነዚህን ጂኖች የሚያበራውና የሚያጠፋው የዲኤንኤ ክፍል ነው።